አዳራሹ ስንት ቀን ይከፈታል?

ወሰን ግሮሰሪ ከሚባለው ፌርማታ ጥቂት ገባ ብሎ ባለ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች ተቀምጠዋል። እሳቸው ዕድሜያቸውን በሕንፃ ንድፍ ሥራ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ናቸው። እሷ ጠበቃ ናት፤ ለደንበኛዋ ማስረጃ ልታወጣ ወረዳ ሄዳ «ሲስተም የለም፣ ከሰዓት ተመለሺ» ተብላለች። ከሰዓት እስኪደርስ ወሬው ከየካ ተራራ ተነሣ።

ጠበቃዋ፦ እዚህ ሰፈር ሰው ቆሞ ሲያወራ ዓይኑ ወደ ተራራው ነው ጋሼ። ቤተ መንግሥቱ የት ደረሰ፣ መንገዱ በማን ግቢ ያልፋል፣ የቦታ ዋጋ ወዴት ይሄዳል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለዚህ የጫካ ፕሮጀክት ለፓርላማ ሲያስረዱ ወጪው በመቶ ቢሊዮኖች ብር የሚቆጠር እንደሚሆን፣ ገንዘቡ ግን ከመንግሥት በጀት እንደማይወጣ ተናገሩ። የምክር ቤት ጥርሱ በጀት ነው። ከበጀት ውጭ የሚሠራ ቤት ከጥርሱም ውጭ ነው።

ንድፍ ሠሪው፦ ተራራ ላይ ቤተ መንግሥት ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ይህንኑ ሸንተረር ይዘሽ ወደ ምዕራብ ብትሄጂ እንጦጦ ነሽ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ግቢያቸውን ሄደሽ አይተሽው ይሆናል፤ እንጨትና ጭቃ፣ በኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን። ተራራ ለጠባቂ ይመቻል። ለኗሪ ግን ብርድ ነው፣ ማገዶውም እያለቀ ሄደ። ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠሩና መኳንንቱም ሠራዊቱም ቀስ በቀስ ተከትሎ ወረደ። ለማንኛውም፣ ስለ ትልቁ ቤተ መንግሥት አገር ሁሉ ያወራል። እኔን የሚያሳስበኝ መካከለኛው ቤት ነው፤ ከንቲባው፣ ርዕሰ መስተዳድሩ፣ የክልል ምክር ቤቱ የሚሠሩበት። እሱን ማንም ልብ አይለውም።

ጠበቃዋ፦ ማዘጋጃ ቤትን የማያውቅ አዲስ አበቤ አለ እንዴ?

ንድፍ ሠሪው፦ ከውጭማ ማን አጥቶት! ከለገሃር ቆመሽ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስታዪ ጫፉ ላይ እሱ ነው። አርቱሮ መዘዲሚ የሚባል፣ አስመራ ይኖር የነበረ ጣሊያናዊ ነው የነደፈው፤ አፍሪካ አዳራሽም የእሱ ነው። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከዚያ ቀጥሎ ተሠራ። ኋላ ደግሞ ፈረንሳዊው ደ ማርየን የከተማውን ፕላን ሲያወጣ ከባቡር ጣቢያው እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ያለውን መስመር የከተማዋ አከርካሪ አደረገው። ታች እንግዳ የሚገባበት በር፣ ላይ የከተማው ባለቤት። ንድፉ ላይ ስታዪው ያምራል፤ እኔም ልጅ ሆኜ ያንን መስመር በእርሳስ እየደጋገምኩ ስዬዋለሁ።

ጠበቃዋ፦ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን ንድፉ አይናገርም።

ንድፍ ሠሪው፦ ይናገራል! መዘዲሚ ከቢሮው ጋር የቲያትር አዳራሽ አብሮ አስገባበት። ልብ በይ፣ የከንቲባ ቤት ውስጥ ቲያትር። በእኔ ጊዜ ሰው ወደዚያ ቤት የሚሄድበት ምክንያት አያጣም ነበር። አንዱ ጋብቻውን ሊያስመዘግብ ነው፣ አንዷ የልጇን የልደት ወረቀት ልታወጣ ነው፣ አንዱ ካርታዬ ጠፋ ብሎ ሊጨቃጨቅ ነው፣ ሌላው ትኬት ቆርጦ ቲያትር ሊያይ ነው። ሙሽራውና ባለ ጉዳዩ አንዱን ደረጃ ይወጡ ነበር። ከንቲባው ደስ አለውም አላለውም፣ ሕዝቡ እደጁ ነበር።

ጠበቃዋ፦ እሱን ዘመን እንደ ገነት አያሳዩኝ ጋሼ። እናቴ አንዲት ወረቀት ለማውጣት ከንጋት ጀምራ ስትሰለፍ አስታውሳለሁ። ደጅ ጥናት ነበር እኮ፤ ከመኳንንቱ ደጅ ወደ ማዘጋጃ ቤት ደጅ ቦታ ለወጠ እንጂ። ክፍለ ከተሞቹ በ1995 ዓ.ም. የተቋቋሙት ሰውን ከዚያ ለመገላገል ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባም በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር ወደ ታች ወርዶ ነው የተጀመረው። ዛሬ አንዲት የወሰን እናት ለልጇ የልደት ምስክር ወረቀት ብላ ፒያሳ ድረስ ታክሲ አትጋፋም።

ንድፍ ሠሪው፦ አንቺ ራስሽ ዛሬ ጠዋት ምን ተብለሽ ተመለስሽ?

ጠበቃዋ፦ «ሲስተም የለም»። ቢሆንም በእግሬ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ።

ንድፍ ሠሪው፦ መልካም። አገልግሎቱ መውረዱን አልጠላሁም። የምለው ምን መሰለሽ፣ ወረቀቱ ወረደ፣ ውሳኔው እላይ ቀረ። ወረዳው ማኅተም ይመታል እንጂ የሰፈርሽን መንገድ ስፋት አይወስንም፣ ፕላኑን አይለውጥም፣ የቦታ ግብሩን አይተምንም። ያ ሁሉ እላይ ነው። ላይኛው ቤት ደግሞ ተራ ሰው የሚሄድበት ጉዳይ ስለሌለው በሩ ለስብሰባና ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት ሆነ። ታድሶ ከድሮው አምሯል፤ ወለሉ ያበራል። አጠገቡ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተሠርቶ በ2016 ዓ.ም. ሲመረቅ አካባቢው ሁሉ ሌላ መልክ ያዘ። ሰው ፎቶ ይነሣል። ፎቶ መነሣትና ጉዳይ መያዝ ግን ለየቅል ነው።

ጠበቃዋ፦ እሺ፣ እኔ ደግሞ ከሕጉ ልምጣብዎት። ሕንፃው ላይ ብዙ ይፈርዳሉ። የአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት 137ቱን አሸነፈ። ያ ምክር ቤት አንድ ቀን እንኳ ተሰብስቦ ሳያስተዳድር ቀረና ከተማዋ በባለአደራ ተያዘች። በ2000 ዓ.ም. እንደገና ምርጫ ሆነ፤ ኢሕአዴግ በተራው 137ቱን ወሰደ። ያው አዳራሽ፣ ያው ወንበር፣ ያው ቁጥር። ግድግዳው ምን ጨመረ፣ ምን ቀነሰ?

ንድፍ ሠሪው፦ (ሲኒያቸውን አዙረው ያያሉ) ለዚህ መልስ የለኝም ብልሽ ይሻላል። ነገር ግን አንድ ልጠይቅሽ። በ1997 መራጩ «ምክር ቤቴ የት ገባ?» ብሎ ሊጠይቅ ቢነሣ የት ይሄድ ነበር? ሄዶ የሚቆምበት፣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት፣ የምክር ቤቱ ነው የሚባል በር ነበረው? ከንቲባው በር አለው፣ ቢሮዎቹ በር አላቸው። ምክር ቤቱ ግን ሌላው በሠራው ቤት ውስጥ አዳራሽ የሚለቀቅለት ደባል ነው።

ጠበቃዋ፦ ደባል! ሕገ መንግሥቱ እኮ የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው ይላል፣ አንቀጽ 50።

ንድፍ ሠሪው፦ አከራዩ ማን እንደሆነ ወረቀት ላይ አውቃለሁ። እኔ የማነበው የወለል ንድፉን ነው። ርዕሰ መስተዳድሩ በየቀኑ ይሠራል፤ ስለዚህ ቢሮ፣ መኪና ማቆሚያ፣ ጠባቂ፣ ጄኔሬተር ያስፈልገዋል። የክልል ምክር ቤት በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚሰበሰበው፤ ጉባኤውም ከሁለት ሦስት ቀን ብዙም አያልፍ። ስለዚህ ለሱ አዳራሽ ይበቃዋል ይባላል። አዳራሹን ደግሞ ታውቂዋለሽ፦ ፊት ለፊት መድረክ፣ መድረኩ ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከኋላው ባነር፣ አበባ፣ በየፊታቸው የታሸገ ውኃ። ሌላው ሁሉ በተርታ ተደርድሮ የፊተኛውን ጀርባ ያያል። እንዲህ የተቀመጠ ሰው ሪፖርት ያዳምጣል፣ እጁን ያወጣል። ከጎኑ ካለው ጋር ሊከራከር ቢፈልግ አንገቱን መጠምዘዝ አለበት።

ጠበቃዋ፦ አንገት የጠመዘዘ ምክር ቤት ቢኖረን ወንበሩን በራሱ ባዞረው ነበር።

ንድፍ ሠሪው፦ ይሆናል። ቸርችል ግን እንዳንቺ አላሰበም። የእንግሊዞች የታችኛው ምክር ቤት አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1941 በጀርመን ቦምብ ሲፈርስ፣ አስፍተን፣ ግማሽ ክብ አድርገን እንሥራው የሚሉ ነበሩ። እሱ በ1943 ተነሥቶ ተከራከረ። እንደ ድሮው ጠባብ ይሁን፣ ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ይተያይ፣ ለሁሉም አባል ወንበር እንኳ አይኑረው አለ። አዳራሹ ባዶ ሆኖ ከሚታይ ተጨናንቆ ይታይ ነው ነገሩ። ወንበር የሌለው አባል ቆሞ ይከራከራል። የሰውየውን ስም ለጎዳናው ሰጠነው፣ ከጎዳናው ጫፍ ያለው አዳራሽ ግን በቲያትር ቤት ቅርጽ ቀረ።

ጠበቃዋ፦ ይህችን እይዛታለሁ። ግን የቤቱ ቅርጽ ብቻ አይደለም፣ አድራሻውም አለ። የኦሮሚያን ነገር ያስታውሱ። የክልሉ መቀመጫ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዳማ እንዲሄድ ተወሰነ። ተቃውሞው ከባድ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተባረሩበት። ከዚያ የ1997 ምርጫ በተደረገ በሳምንታት ውስጥ መቀመጫው ወደ ፊንፊኔ ተመለሰ። የአንድ ክልል መንግሥት ቤት ለመቀየር አምስት ዓመት ያልበቃው ውሳኔ በአንድ ምርጫ ውጤት ተገለበጠ።

ንድፍ ሠሪው፦ ጨፌውስ፣ የክልሉ ምክር ቤት?

ጠበቃዋ፦ እሱማ ለብዙ ዓመታት አዳማ ባለው የአባ ገዳ አዳራሽ ነው ሲሰበሰብ የኖረው። ርዕሰ መስተዳድሩ አዲስ አበባ፣ ጨፌው ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ አዳማ።

ንድፍ ሠሪው፦ ደባል አላልኩሽም? አሁን ደግሞ ቤት ለብቻ ተከራይቶ ሌላ ከተማ የሚኖር። በነገራችን ላይ ጨፌ ድሮ በኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር ሲሆን ተሰብሳቢውም ተመልካቹም አንድ ሜዳ ላይ ነበር። በኛም በኩል አውጫጪኙ ከቤት ውጭ በአደባባይ ነበር። ጣሪያ ስንሠራ ሰውን በሁለት ከፈልነው።

ጠበቃዋ፦ ደቡቡ ደግሞ ሌላ ፈጠረ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫውን ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለታርጫና ለቴፒ አከፋፈለ። በ2015 መጨረሻ የመጡት የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎችም ቢሮዎቻቸውን እንዲሁ በየከተማው በተኑ። ዋና ከተማ የሚባለውን ፀብ በማካፈል አበረዱት። እኔ በበኩሌ ብልህነት ይመስለኛል፤ ደቡብ አፍሪካም ፕሪቶሪያ፣ ኬፕታውንና ብሉምፎንቴን ብላ ሥልጣኗን ለሦስት ትከፍላለች።

ንድፍ ሠሪው፦ ለባለ ጉዳዩስ? አንዱ ቢሮ ቦንጋ፣ አንዱ ታርጫ ከሆነ ገበሬው በየትኛው አውቶቡስ ይሂድ?

ጠበቃዋ፦ እሱ እውነት ነው፤ የትራንስፖርቱን ነገር ማንም አላሰበውም።

ንድፍ ሠሪው፦ ከዚህ ሁሉ ለኛ የሚቀርበው ቻንዲጋር ነው። ሕንድ አገር። ሌ ኮርቡዚየ የሚባለው ስመ ጥር አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1936 አዲስ አበባን ልንደፍ ብሎ ለፋሽስቶቹ ሥዕል አቅርቦ ነበር፤ ያንን ያረጀ ወረቀት ባየሁ ቁጥር ያናድደኛል፣ ያለውን ከተማ እንደሌለ ቆጥሮ ነው መስመር የሚያሰምረው። እነሱም አልሰጡትም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ግን ሕንዶች ቻንዲጋርን ሰጡት፤ ምክር ቤቱን፣ ፍርድ ቤቱንና የቢሮዎቹን ሕንፃ በአንድ ትልቅ ሜዳ ላይ አቆመ። በ1966 ፑንጃብ ለሁለት ሲከፈል ከተማዋ የማንኛቸውም ሳትሆን የፌዴራል ግዛት ሆነች፣ ለሁለቱም ክልሎች ግን ዋና ከተማ። የፑንጃብና የሃርያና ምክር ቤቶች በአንዱ ሕንፃ ውስጥ ናቸው።

ጠበቃዋ፦ (ቀና ብላ) ሁለት ክልሎች፣ አንድ ጣሪያ፣ ከተማዋ የፌዴራል? አንቀጽ 49ን አንብበው ነው እንዴ የመጡት? አዲስ አበባ ራሷን ታስተዳድራለች፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው፣ ኦሮሚያ ልዩ ጥቅም አላት። በልዩ ጥቅሙ ላይ ግን ዝርዝር ሕግ ይውጣ ከተባለ ሠላሳ ዓመት አልፎም ክርክሩ አላለቀም።

ንድፍ ሠሪው፦ ቻንዲጋርም ላይ ሁለቱ ክልሎች ዛሬም የኔ ናት ይባባላሉ። ግን አንድ ሕንፃ ይጋራሉ፤ እየተጣሉ አብሮ መኖር ይሉሻል ይህ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1995 የፑንጃቡ ዋና ሚኒስትር ቤአንት ሲንግ እዚያው የቢሮዎቹ ሕንፃ ደጅ በመኪና ቦምብ ተገደሉ። ከዚያ ያ ትልቅ ሜዳ በሽቦ ታጠረ፣ ወታደር ቆመበት። ሕዝብ እንዲሰበሰብበት የተሳለ ሜዳ ማንም የማይረግጠው ሆነ።

ጠበቃዋ፦ እንግዲህ ባሕር ዳርን አስታወሱኝ።

ንድፍ ሠሪው፦ እሱን አላነሣሁም።

ጠበቃዋ፦ እኔ አነሣሁት። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም.። የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና አማካሪያቸው እዘዝ ዋሴ ስብሰባ ላይ እያሉ ቢሮው ውስጥ ተገደሉ፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ምግባሩ ከበደም በዚያው በደረሰባቸው ጉዳት አረፉ። ከዚያ በፊት በዓመቱ ሐምሌ 2010 ጅግጅጋ ላይ የፌዴራል ወታደሮች የሶማሌ ክልልን ምክር ቤትና ቤተ መንግሥት ከበው ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ለቀቁ። በእነዚህ ቤቶች ክፉ ነገር ሆኗል ጋሼ። እርስዎ በሩ ይከፈት ሲሉ እኔ ደግሞ አጥሩ ለምን እንደረዘመ ይገባኛል።

ንድፍ ሠሪው፦ ይገባኛል፣ እኔም። አምባቸውን የገደለ ሰው ግን ከመንገድ ላይ ተሰልፎ የገባ ባለ ጉዳይ አልነበረም። የታጠቀው ከመንግሥት ወገን ነው የመጣው። አጥሩ የሚያስቀረው ግን ያንኑ የልደት ወረቀት የምትፈልገዋን ሴት ነው። ፈታሹ የምሳ ዕቃዋን አስከፍቶ ያያል።

(ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ። ቡና ቀጂዋ ሁለተኛውን አቀረበች።)

ጠበቃዋ፦ እሺ፣ ዛሬ እርሳስ ሰጥተው የአዲስ አበባን ምክር ቤት ይንደፉ ቢሉዎት ምን ያደርጋሉ?

ንድፍ ሠሪው፦ መጀመሪያ የከንቲባውን ቢሮ ሌላ ቦታ አደርገዋለሁ። ምክር ቤቱ ለብቻው በር ይኑረው። ከታች ምድር ቤቱ ላይ የልደትና የጋብቻ መስኮቶቹን እመልሳለሁ፤ ወረቀት ሊያወጣ የመጣ ሰው ተራውን የሚጠብቀው ክርክሩ በሚሰማበት ሰገነት ላይ ይሁን። ወንበሮቹ ፊት ለፊት ይተያዩ። ቲያትሩም ይቆይ።

ጠበቃዋ፦ እና የወሰኗ እናት እንደገና ፒያሳ ትሂድ? ታክሲውን ማን ይከፍላል? አይሆንም። እኔ ብሆን ምክር ቤቱን ነው የማንቀሳቅሰው። አንዱን ጉባኤ የካ፣ አንዱን አቃቂ፣ አንዱን ኮልፌ። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከተጨመረች ወዲህ አሥራ አንድ ክፍለ ከተማ ነው ያለው፤ ተራ ቢይዙ ሁሉም ይዳረሳል።

ንድፍ ሠሪው፦ በየትኛው አዳራሽ? ወሰን ላይ 138 ሰው ከነታዛቢው የሚይዝ አዳራሽ የት አለ? የሠርግ አዳራሽ ተከራይተሽ?

ጠበቃዋ፦ ድንኳን።

ንድፍ ሠሪው፦ ድንኳን ውስጥ ምክር ቤት! ቀልደሻል።

ጠበቃዋ፦ አልቀለድኩም። ነገሥታቱ ለስንት መቶ ዓመት ከድንኳን አልነበረም እንዴ አገር ሲገዙ የኖሩት? እርስዎ ንድፍ ሠሪ ነዎት፣ ሰፈሩ ቁርጥ ያለ ፕላን ነበረው። ፊታውራሪው ፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ፣ ንጉሡ መሀል። የት እንደሚተከል ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ንድፍ ሠሪው፦ እንደሱ ካልሽማ ድንኳኑም ለንጉሡ ነው የተነደፈው። መሀሉ ላይ ማን ሊቀመጥ ነው?

ጠበቃዋ፦ ማንም። መሀሉ ባዶ ሆኖ ወንበሩ ዙሪያውን ይሁን። የድንኳን ጥሩነቱ መድረክ የለውም፤ ጎኑን ገለጥ ሲያደርጉት ደግሞ መንገደኛው ቆሞ ይሰማል።

ንድፍ ሠሪው፦ ተመራጮቹ ይመጣሉ ብለሽ ነው? ጭቃው? ክረምት ላይ ይህ ወሰን እንዴት እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ።

ጠበቃዋ፦ ጭቃውን ቢያዩት ለመንገዱ በጀት ይይዛሉ። ድንኳኑ ከእድራችን አለ።

ንድፍ ሠሪው፦ ድንኳኑስ አለ። ወንበሩ ስንት ነው?

ጠበቃዋ፦ ሁለት መቶ አይጠፋም።

ንድፍ ሠሪው፦ ከ138ቱ የሚተርፈው ስልሳ ሁለት ነው። ለሰፈሩ ሰው አይበቃም።

ጠበቃዋ፦ ከታችኛው እድር እንዋሳለን። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ወረዳ ልሂድ፣ ሂሳቡን እኔ ከፍያለሁ።